የሙክቱ ሣር

ከሞላሌ ገበያ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ከፊታችን ያለችውን የእንስሳት ባለሙያ በጥያቄ ይዘዋታል።

«ሙክቴ ሲነዱት ይንቀጠቀጥና ይወድቃል። ሲተዉት ደግሞ ይነሣል።»

«ምን ያበሉታል፣ አባባ?»

«ምርጡን ነዋ! እርከኑ ላይ የተከልነውን የፈረንጅ ሣር። ለፋሲካ ብዬ ለእሱ ብቻ አጭድለታለሁ።»

«በጋውን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚከርመውን?»

«እሱን። ተምች እንኳ አይነካውም።»

«እሱ ነው የጣለው። ሣሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ ፈንገስ አለ፤ እንደ ሻጋታ ያለ ነገር። ሣሩን ከድርቅና ከተባይ ይጠብቀዋል፤ መርዙ ግን በጉንም ያገኘዋል።»

«እንግዲያ ልንቀለው?»

«ኧረ አይንቀሉ፤ አፈርዎን ይዞልዎታል። ሙክቱን ብቻ ሌላ ሣር ያብሉት። ያንን ሣር በጊዜ ከተወ ብዙውን ጊዜ ይድናል።»



«የሰው ዓይን አይደለም በይኛ!»

«የማን ዓይን?»

«የጎረቤቴ፤ የልጄ ክርስትና እናት ናት። እንትፍ እንትፍ እንኳ ሳትል ‹አቤት ሙክት!› ባለች ማግስት ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አላስረገጥኳትም።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? አልቅሳ ሄደች።»

ሾፌሩ በመስታወቱ አያቸው።

«አባባ፣ ቤትዎ ደርሰናል፤ ላቁም?»

«እለፈውና ከሚቀጥለው ቤት አውርደኝ። የእሷ ነው።»

መኪናው ገና ሳይቆም እግሬን ሰብስቤ መንገድ ለቀቅኩላቸው።