መላጣው የኩሬ ዳር

ከጎሬ ወደ መቱ የሚወርደው ሚኒባስ ሰውን ከሰው ብቻ ሳይሆን ችግኝን ከችግኝም ያጨናንቃል። በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ ጋሼ ደበሳ ሃያ የባሕር ዛፍ ችግኝ ታቅፈው ከኋላ ወንበር እንደተቀመጡ፣ አንዲት ወጣት ጭቃ የሚያንጠባጥብ የማዳበሪያ ከረጢት ተሸክማ አጠገባቸው ገባች። ጭቃው ሱሪያቸው ላይ ጠብ አለ። ጋሼ ደበሳ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጤና ጥበቃ አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ጽዳትን ከጸሎት እኩል የሚያዩ ሰው ናቸውና ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «አላወቁኝም እንጂ ቢሊሴ ነኝ፤ የዋሪቱ ልጅ። እናቴ ክሊኒክ ከእርስዎ ጋር ትሠራ ነበር።»

«አንቺ ነሽ እንዴ?» ፊታቸው ፈታ አለ። «ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«ቬቲቨር የሚባል ሣር ነው። የተማርኩት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ስለሆነ ለገበሬዎች እናድላለን። እርስዎስ ችግኙን የት ሊተክሉት ነው?»

«የኩሬዬ ግድብ ላይ።»

ቢሊሴ ዝም አለች። ዝምታዋ ከጭቃው ይልቅ ከነከናቸው።

«ተናገሪ እንጂ። ተማርኩ ያለ ሰው ዝም ሲል ደግ አይደለም።»

«ባሕር ዛፍ ግድብ ላይ አይተከልም ጋሼ። ሥሩ እየወፈረ አፈሩን ይሰነጥቀዋል። ነፋስ ዛፉን ባወዛወዘው ቁጥር ግድቡም አብሮ ይወዛወዛል።»

«ግድቡማ ተሰንጥቆብኛል። ዛፍ የምተክለው ስለተሰነጠቀ አይደል?»

ነገሩ ይህ ነው። ጋሼ ደበሳ መቱ ባለው ግቢያቸው ታችኛው ጫፍ፣ ከምንጩ ሥር፣ በገዛ እጃቸው ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ ዓሣ ያረባሉ። ከግድቡ በታች የሲሃም ቤት አለ። ሲሃም ከስልጤ የመጣች፣ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ሁለት ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ግድቡ መሰንጠቁን ካየች ወዲህ ልጆቿን በየምሽቱ ሱቅ ወስዳ ታሳድራለች፤ ለቀበሌም አመልክታለች። የቀበሌ ሰዎች ሰኞ መጥተው ያዩታል፤ ካልጣማቸው ኩሬው ይደፈናል። አሥራ አንድ ዓመት ቡና የተጠራራች ጎረቤት መክሰሷ ጋሼ ደበሳን አንገብግቧቸዋል። ሰው ሲገፋ ብቻ ሳይሆን ሲፈራም ወደ ዳኛ እንደሚሄድ ገና አልገባቸውም።

«እንግዲያው ነይና እዪው» አሉ፤ ሊማሩ ሳይሆን ሊረቷት።

ኩሬው ዳር ሲደርሱ ቢሊሴ ማዳበሪያዋን አስቀምጣ ዙሪያውን ቃኘች። ዳርቻው እንደ አውድማ ተልጧል። ጋሼ ደበሳ ቅዳሜ ቅዳሜ በዶማ ሣሩን ከነሥሩ ይነቅላሉ። የቀረው ምንጩ የሚገባበት ጥግ ያለው ቄጠማ ብቻ ነው፤ እሱንም ሲሃም «ለዒድ የምጎዘጉዘው ይተዉልኝ» ብላ ለምና ያተረፈችው ነው።

«ማነው እንዲህ የላጨው?»

«እኔ ነኛ። ያዮ ጫካ ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ኡካ ገበያ መሃል ቆሜ ‹ሣር ባለበት ወባ አለ› ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ የገዛ ደጄን ሣር ላልብስ?»

«ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ መልሱን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ጥላ ባጠላበት ውሃ ነው ወይስ ፀሐይ በሚያገኘው?»

ጋሼ ደበሳ ወደ ውሃው አዩ። መልሱን ሥራ ሲጀምሩ ለፈተና አጥንተውት ነበር።

«ፀሐይ በሚያገኘው» አሉ ቀስ ብለው። «ግን ሣር...»

«የእጭ መቅጃው አለዎት?»

ገብተው እጀታው ረጅም የሆነውን ነጭ ጭልፋ አመጡ። መጀመሪያ ከቄጠማው ሥር ቀዱ፤ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጥቃቅን ዓሦች በአገዳው መካከል ይርመሰመሳሉ። ቀጥሎ ከመላጣው ዳር፣ ላማቸው ልትጠጣ ስትወርድ ኮቴዋ የጎደጎደበት፣ ዓሣ የማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ካቆረው ውሃ ቀዱ። ጭልፋው ውስጥ እጮቹ ከውሃው ፊት ጋር ልክክ ብለው ተጋድመዋል። ጋሼ ደበሳ አተኩረው አዩአቸው፤ የወባ ትንኝ እጭ አተኛኘትን ለመቶ ሰው አስተምረዋል። ቆጠሩ፤ ዘጠኝ ነበሩ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው፤ ወባ ተዋጊው ወባ አርቢ ሆነው ተገኙ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ እጁን ይሰጥ ነበር። እርሳቸው ግን ኩሩ ናቸው። «ይሁን፤ የትንኙ ጉዳይ ሌላ ነው፣ የግድቡ ሌላ» አሉ።

«አንድ ነው ጋሼ። ግድቡ የተሰነጠቀው በነቀሉት በኩል ነው። በቄጠማው በኩል ስንጥቅ አለ?»

አየሩ ከብዷል፤ ከጎሬ ኮረብታ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ቢሊሴ ግድቡ ላይ ወጥታ ስንጥቁን በእጇ ለካችና ድምፅዋ ተለወጠ። «ክርኔ ድረስ ይገባል። ማስተንፈሻውን ቦይ አሁኑኑ ይክፈቱትና ውሃው እስከ ግማሽ ይውረድ።»

«ሲሃም እያየችኝ?»

እውነትም ሲሃም አጥሯ ሥር ቆማ ነበር። ውሃውን ማፍሰስ ግድቡ ደካማ ነው ብሎ ማመን ነው፤ ማመን ደግሞ ከሳሽን እውነተኛ ማድረግ ነው። ጋሼ ደበሳ ዶማቸውን ይዘው ፈዘው ቀሩ። ዝናቡ ወረደ። የኢሉባቦር ዝናብ ምራቅ ለመዋጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደቂቃ ሳይሞላ ከስንጥቁ ውጭ ያለው አፈር በሬ የሚያህል ሆኖ ተንዶ የሲሃም ማድ ቤት ግድግዳ ላይ ተከመረ። በተናደው በኩል ቀጭን ውሃ ይፈስ ጀመር።

ሲሃም አልጮኸችም። «ጋሼ፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ባይሆኑ እዚያ ነበር የሚጫወቱት» አለች ብቻ።

ያን ጊዜ የሽማግሌው ጉልበት ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቀው። ቦዩን በዶማ እየቀደዱ «ጥፋቱ የእኔ ነው ሲሃም! ግድቡን ያላላሁት እኔ ነኝ፤ ሰኞም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ» አሉ። ውሃው በሌላው ወገን ወደ ወንዙ ተንዶለዶለ። ቢሊሴ የተናደውን አፍ በድንጋይና በአፈር ደፈነች፤ ሲሃምም አጥሩን ዘላ መጥታ አብራ ድንጋይ አቀበለች። ጋሼ ደበሳ እፍረት እንደዚያ ቀን በርትቶባቸው አያውቅም።

ቅዳሜ ሦስቱም ግድቡ ላይ ዋሉ። ቢሊሴ ማዳበሪያዋን ፈታች።

«ቬቲቨሩ ከግድቡ ውጭ በኩል፣ አግድም በመስመር፣ በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር እየተተወ ይተከላል። ሥሩ ቁልቁል ይወርዳል እንጂ ወደ ጎን አይስፋፋም። ቄጠማውን ከጥጉ ከነሥሩ እየከፈልን ውሃው ጠርዝ ላይ እንተክለዋለን።»

«ፊላስ? ወንዝ ዳር ሞልቷል።»

«ፊላ እንግድነት አያውቅም፤ በሁለት ዓመት ኩሬውን ይወርሰዋል። እርጥቡ ሜዳ ላይ ጎደሬ ይትከሉ፤ ጥላም ነው፣ ምግብም ነው።»

«ሣሩ እንደገና የትንኝ መደበቂያ ቢሆንብኝስ?»

«ቁም ነገሩ እንክብካቤው ላይ ነው ያለው። በዓመት ሁለቴ ያጭዱታል እንጂ አይነቅሉትም። ያጨዱት ውሃው ውስጥ እንዳይበሰብስ ያውጡት። ዳሩ እንዳይታፈንና ዓሣው እስከ ጠርዙ እንዲደርስ ያሳሱት። ላሚቱም በአንድ በር ብቻ፣ ድንጋይ በተነጠፈበት ትጠጣ።»

ጋሼ ደበሳ እንደ ተማሪ በደብተር ጻፉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ ለራሳቸው፤ «እኔ ግን ጠምጥሜም መማር ነበረብኝ።»

ሰኞ የቀበሌ ሰዎች ሲመጡ ጥፋታቸውን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ኩሬው እስከ መስከረም በግማሽ ውሃ እንዲቆይ፣ ያኔ ግድቡ ከያዘ እንዲሞላ ተፈቀደ።

ክረምቱ እንደ ልማዱ በረታ፤ ግድቡ ግን አንድ አካፋ አፈር አልጣለም። ጎርፉ ሣሩ ላይ ደርሶ ጭቃውን እየጣለ ስለሚያልፍ የኩሬው ውሃ አልደፈረሰም። ዓሣው በቄጠማው ሥር ፈለፈለ፣ ላሚቱ ከታጨደው ሣር በላች፣ ጭልፋውም ሦስቴ ተነክሮ ባዶ ወጣ። ባሕር ዛፉን ጋሼ ደበሳ ከምንጩ ርቆ ካለው ደረቅ ተዳፋት ላይ ተከሉት፤ ዛፍም ቦታውን ሲያገኝ ጥፋት የለበትም። በነሐሴ ከቢሊሴ ጋር ወደ ኡካ ወርደው ዱሮ በቆሙበት ገበያ መሃል ቆሙና «ያኔ ግማሹን አስተምሬአችሁ ግማሹን አስቀርቼባችኋለሁ» ብለው ጀመሩ።

በመስከረም ኩሬው በሞላ ማግስት፣ ሲሃም የልጆቿን ሁለት ፍራሾች ከሱቅ በባጃጅ ጭና መጣች። ጋሼ ደበሳ አንዱን ተሸክመው ገቡና በመንገዱ በኩል ካለው ግድግዳ አጠገብ ሊያስቀምጡት ጎንበስ አሉ።

«እዚያ አይደለም ጋሼ» አለች። ፍራሹን ከእጃቸው ተቀብላ በግድቡ በኩል ባለው ግድግዳ ሥር አነጠፈችው።