«ቦታ አሻሽሉ» የምትባለው ትእዛዝ

ከመጀመሬ በፊት አንድ የሚያሳፍር ነገር ላዋያችሁ። ይህን ንግግር ጽፌ ስጨርስ እንደ ልማዴ ወስጄ ለአራሚ ሰጠሁት። መጽሔታችን ያለው አራሚ ደግሞ አንድ ነው፤ እሱም ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሼ ራዲዮ ናቸው። ምን እንደሠራሁ የገባኝ ወንበሬ ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ሮጬ ስደርስ ቀዩ እስክሪብቶ ሥራውን ጨርሷል። «ጀግና» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ነበረኝ፤ ሦስቱም ተሰርዘዋል፤ ዳር ላይ «ማስረጃ?» የሚል አለ። «ምትክ የማይገኝላቸው» ያልኩት ሥር ደግሞ «ማስታወቂያ ወጥቷል፤ ሁለት ሰው አመልክቷል» ተብሎ ተጽፏል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቀልዶቹን አስቀድመው ያውቋቸዋል። ለሰው ብለው እንደ አዲስ ይሳቁልኝ።

ጋሼ መጀመሪያ የመጡ ዕለት የያኔው ዋና አዘጋጅ «ወንበርህ ያ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ» አላቸው። ጋሼ ቀጥ ብለው ቆመው «ወንበሬ ያ ነው፣ መስኮቱ አጠገብ። ተቀብያለሁ» አሉ። ከዚያ ወንበሩን ብድግ አድርገው ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ በር ወደሆነው ጥግ ወሰዱት።

«መስኮቱ አጠገብ አልኩህ እኮ።»

«ቦታ አሻሽዬ ነው» አሉ።

ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት እዚያው ጥግ ናቸው።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ጋሼ በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ የአንድ እግረኛ ብርጌድ የራዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ጦርነቱ አለቀ፣ ራዲዮው ግን ከአፋቸው አልወረደም። የነገሯቸውን ሁሉ ደግመው ካላረጋገጡ አይንቀሳቀሱም። ባለቤታቸው ስትደውል ቢሮው ሙሉ ጸጥ ይላል፤ «ሽንኩርት፣ ሁለት ኪሎ። ሳሙና፣ ያው የበፊቱ። ተቀብያለሁ። ጨርሻለሁ።» ሠላሳ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ስልክ ላይ «ቻው» ብለዋት አያውቁም። እሷም ዛሬ እዚህ ናት፤ ውሸቴን ከሆነ ትናገር።

«ቦታ ማሻሻል» የምትለዋም ቃል ከዚያው የመጣች ናት። በብርጌዱ ውስጥ መሸሽ የሚባል ነገር አልነበረም። ማፈግፈግ የሚለውም ክልክል ነው። ወታደሩ ልቡ እንዳይሰበር፣ ራዲዮ የሚጠልፈው ጠላትም እንዳይደሰት፣ ሽሽት ሲመጣ የሚተላለፈው ትእዛዝ «ቦታ አሻሽሉ» የሚል ነበር። እኛ ቤትም ገባችና ቀረች። ስብሰባ ሲረዝም ጋሼ ወንበራቸው ላይ የሉም፤ ቦታ አሻሽለዋል። ፎቶ አንሺያችን እጮኛው ጥላው የሄደች ጊዜ ሁላችንም ምን እንደምንለው ጨንቆን ነበር። ጋሼ ትከሻውን ያዝ አድርገው «አይዞህ፣ ቦታ አሻሽላ ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ ሳምንት አላናገራቸውም።

የብርጌዱ ነባር ወታደሮች ማኅበር አላቸው። «ታሪካችንን ጻፍልን» ብለው ጋሼን ለመኑ፤ ጋሼም ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ ሲጽፉ ኖሩ። እኔ በየምዕራፉ ሻይ ክፍል ውስጥ አንብቤዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ብርጌዱ ድልድዩን ያዘ ይላል። በሁለተኛው ዓመትም ብርጌዱ ድልድዩን ያዘ ይላል። ያው ድልድይ ነው። «ጋሼ፣ የያዙትን እንዴት ደግመው ይይዛሉ?» ብላቸው፣ «በመሃል ቦታ አሻሽለን ነበር» አሉ።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። የአስተዳደር ኃላፊያችን እትዬ በዚያው ጦርነት፣ በዚያው ግንባር ተዋግተዋል። በወዲያኛው ወገን። ሁለቱ ጠዋት ደረጃው ላይ ሲገናኙ አዲስ ሠራተኛ ይደነግጣል።

«ጠላቴ፣ ደህና አደርሽ?»

«ደህና። አንተስ ዛሬ ከማን ሸሽተህ ነው በማለዳ የገባኸው?»

ጋሼ የዓመት ፈቃድ ሲጠይቁም እትዬ ወረቀቱን ገፋ አድርገው፣ «በጥይት ያላገኘኸውን በማመልከቻ ልታገኝ?» ይሏቸዋል። ከዚያ ይፈርማሉ።

እንግዲህ በቅርቡ፣ አሁን ከጋሼ አጠገብ የተቀመጡት እኚህ እናት ወደ ቢሯችን መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ወንድማቸው የዚያ ብርጌድ ወጥ ቤት ነበር። ወጡን ቀድቶ ሰው አፉ ሳያደርስ «ጨው በቃችሁ?» ስለሚል ብርጌዱ «ጨው» ይለዋል። ኮረብታው ላይ ከተካሄደው ውጊያ በኋላ አልተመለሰም። ብርጌዱ በሥርዓት ቦታ አሻሽሎ ሲወርድ እሱ ብቻ ወደ ኋላ ስለቀረ፣ «ከድቶ ቀርቷል» ተባለ። እናቱ ይህን ቃል እንደተሸከሙ ሞቱ። እህቱም በሰፈሩ «የከዳው እህት» ሲባሉ ኖሩ።

ጋሼን እንዲህ አሏቸው፤ «ታሪኩን እርስዎ ነው አሉ የሚጽፉት። ያችን ቃል ብቻ ያውጡልኝ።»

«ማውጣቱ አይከብድም። ባዶው ቦታ ላይ ምን ልጻፍ?»

እትዬ ሻይ ይቀዱ ነበር፤ ሳይዞሩ «ጭልፋውን መታጠቂያው ላይ የሚሰካ ልጅ?» አሉ።

ሴትዮዋ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

እትዬ የነገሩን ይህን ነው። ያን ዕለት ጠዋት ከታች ቀና ሲሉ ኮረብታው አናት ላይ ጭስ ያያሉ። የአንድ ብርጌድ ቁርስ የሚያህል ጭስ። አዛዣቸው «አልሄዱም፣ አሉ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ባሉበት አቆያቸው። በማግስቱ ተስበው ሲወጡ አንድ ሰው ሦስት ድስት ጥዶ ቆሟል።

«ሌሎቹ የት ሄዱ?» አሉት።

«እኔም እነሱን እየጠበቅኩ ነው። በራዲዮ ቦታ አሻሽሉ ተባለ፣ አሻሻልኩ። ታች ጭቃ ነው፤ እዚህ ምንጩም ጥላውም አለ።»

ልጁ ብርጌዱን ከተቀላቀለ ሳምንቱ ነበር። የቃሏን ትርጉም ማንም አልነገረውም። ሌላው ወደ ታች ሲሮጥ እሱ ድስቱን ተሸክሞ ወደ ላይ ወጣ።

«ከዚያ ምን አላችሁ?» ሲሉ ጋሼ ጠየቁ።

«‹ተሰለፉ፣ ሾርባው እየበረደ ነው› አለን።»

«እናንተስ?»

«ተሰለፍን። ጨው በቃችሁ ወይ ብሎም ጠየቀን።» እትዬ ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ከሰዓት በኋላ ከራሱ ወገን በኩል መድፍ ተተኮሰ፤ እሱን አገኘው። እዚያው ምንጩ አጠገብ ቀበርነው። ጭልፋውንም አብረን።»

ጋሼ «ድገሚልኝ» አሉ። እትዬም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙላቸው። እትዬ የጋሼን ትእዛዝ ሲፈጽሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ተቀብያለሁ» አሉ ጋሼ።

ብርጌዱ ሸሽቶ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ወንዝ የተሻገረው ጠላት ጭሱን እያየ በቆመበት ቀን ነው። ጋሼም ከተሻገሩት አንዱ ናቸው። ሄደው ያን ምዕራፍ እንደ አዲስ ጻፉት። አሁን «በዚያ ቀን ሸሸን። ትእዛዙን እንደተነገረው የፈጸመ ወጥ ቤታችን ብቻ ነበር» ይላል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የድሮ አዛዣቸው፣ ይህን አንብበው በሦስተኛው ቀን ቢሯችን ደረሱ። በሩ ክፍት ነበር፤ እኔም ጆሮዬን አልደፈንኩም።

«እግረኛ ብርጌድ አይሸሽም» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። እግረኛ ስለሆነ ቶሎ አይሸሽም። ግን ሸሽቷል።»

«ቦታ አሻሻልን በለው። ልጁንም ከድቷል አንልም፤ ጠፋ እንላለን።»

«አልጠፋም። ምንጩ አጠገብ ነው። በሥርዓት ወረድን ካልኩ ደግሞ አንባቢ ‹ታዲያ እሱ ለምን ቀረ?› ይላል። ያኔ ወይ እሱ ከድቷል፣ ወይ እኛ ሸሽተናል። ሁለቱም ቀርቶ ሦስተኛ ካለ ይንገሩኝ፤ እጽፈዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ቆባቸውን አነሱ። «ቅዳሜ ለጠቅላላ ጉባኤው አንብበው። ካልተቀበሉህ መጽሐፉ በብርጌዱ ስም አይወጣም። አንተም ከመካከላችን አትቀመጥም።»

ጋሼ ዛሬ ከእኛ ጋር ያላቸውን ወንበር ይለቃሉ። ቅዳሜ ደግሞ ሌላኛውን፣ አብረው ከተረፉ ሰዎች ጋር ያላቸውን፣ ሊያጡ ይችላሉ። እኔ እንዲህ ስላለው ነገር መናገር አልችልበትምና አንድ ነገር ብቻ ልበል።

ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ስለ አንዲት ዘፋኝ «ከመድረክ ጠፋች» ብዬ ጽፌ፣ ሥሩም ከማን ጋር እንደጠፋች ጥሩ ጥሩ ወሬ ጨምሬ ሰጠሁዎት። ተሰርዞ መጣ። ዳር ላይ «ታማለች። ደውዬ ጠይቄአለሁ» ይላል። ተናድጄ ነበር፤ ወሬው ጣፋጭ ነበራ። እኔ የማላውቃት ሴት፣ ያልጠራችዎት ሴት፣ በእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ከአፌ ተረፈች። ስንቱ ሰው እንደዚያ ተርፏል፣ አንዱም አያውቅም። ስለ እሱ ሁሉ አመሰግንዎታለሁ። ይቺን አንቀጽ እርማቱ ካለቀ በኋላ ነው የጨመርኳት፤ አልታየችም፤ ስሕተት ካለባትም ከነስሕተቷ ይቀበሏት።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሱ። እትዬ፣ ለጠላትዎም ቢሆን ያንሱ።

ጋሼ፣ ጡረታ መውጣትን እርስዎ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ቃሏን በብርጌዱ ትርጉም አልመኝልዎትም። በወጥ ቤቱ ትርጉም ይሁንልዎ፤ ወደ ላይ፣ ምንጭና ጥላ ወዳለበት፣ ድስትዎን ይዘው። ጤና ይስጥዎ። ከባለቤትዎ ጋር ዕድሜ ይስጣችሁ፤ አንድ ቀንም ስልክ ላይ «ቻው» ይበሏት።

ቅዳሜ እህቱ ከፊት ረድፍ ይቀመጣሉ። እትዬ ያዩትን ሊመሰክሩ በጠላት ወገን ይገባሉ፤ ፈቃዳቸውን ራሳቸው ፈርመዋል። እኔም ከኋላ ቆሜ አዳምጣለሁ። ወንዙን የተሻገሩት ሽማግሌዎች እጃቸውን ያነሱ እንደሆነ፣ ያላነሱም እንደሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ሻይ ክፍል መጥታችሁ ከእኔ ስሙት። አራሚ ስለማይኖረኝ እጨምርበታለሁ ብላችሁ አትስጉ። ቃል በቃል ነው የማደርሰው።

ጨርሻለሁ።