የማን ቃል፣ የማን ድስት

እንደ እኔ በስደት አገር ምግብ የምትሸጠው አስካለ የዛሬ ሰባት ዓመት፣ ዮቪል ሰፈር ባለው ምግብ ቤቷ፣ በእንግዶች ፊት «ክትፎ የእኛ የጉራጌዎች ነው፤ አንቺ ስሙን ሰርቀሽ ነው የምትሸጪው» ብላ አዋርዳኛለች። ከዚያ ወዲህ ክትፎ ሠርቼ አላውቅም።

ትናንት ወደ ትሮይቪል ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ማሌዥያዊት አዲስ የተጻፈ የምግብ ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ አቁማ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ያለ ቻይናዊ ሽማግሌ ሰሌዳውን እያነበበ በእንግሊዝኛ ይነተርካታል።

«ሚ የእኛ ቃል ነው።»

«ኑድል እኮ ነው አባባ። እኛም ሚ ነው የምንለው።»

«ታውሁ፣ የአኩሪ አተሩ አይብ፣ የእኛ ቃል። ታውጌ፣ የማሾው በቆልት፣ እሱም የእኛ። ‹የማሌይ ምግብ› የሚለውን አጥፊው!»

«ምግብ ቤቱን ነገ ልከፍት? ቀለሙ እንኳ በደንብ አልደረቀም።»

«እንግዲያው በቀላሉ ይለቃል።»

«ኪቻፑስ?»

«የአኩሪ አተሩ ሶስ? ከአያቴ አገር ነው የሄደላችሁ።»

«እኛ ስኳር ጨምረን እንደ ማር እስኪወፍር እናፈላዋለን። አያትዎም እንዲህ ያደርጉ ነበር?»

«አያቴ ይህን ብታይ ድስቱን ትደፋው ነበር!»

«ታዲያ ቃሉን ይውሰዱ፤ ድስቱን ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው ሰሌዳውን እንደገና ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?»

«ለሚበላ ስድስት ሰዓት። ለሚሟገት ዝግ ነው።»

«እየበላሁ ብሟገትስ?»

እኔ ለአስካለ ሳልመልስላት የቀረሁትን እየሰማሁ የምወርድበትን አልፌ፣ ሁለቱ እስኪወርዱ ድረስ ተቀምጬ ሄድኩ።