የገንፎ ድስትና የመስታወት ምድጃ

ከአዳማ ወደ ቢሾፍቱ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አንድ ቀበሌ የሚመግብ የአሉሚኒየም ድስት ታቅፈዋል። አጠገባቸው ያለ ጎልማሳ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ድግስ አለ እንዴ?»

«ልጄ ወልዳ ነው፤ ገንፎ ላገነፋላት።»

«እንኳን ማርያም ማረቻት! ምድጃዋ ምንድን ነው?»

«ባሏ ኢንዳክሽን የሚሉትን የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቶላታል።»

«እንግዲያው ይሄ ድስት አይሆንም። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ድስት ብቻ ነው።»

«ምን አልክ? አምስቴ የታረስኩት በዚህ ድስት ገንፎ ነው!»

«የስልክዎ ከቨር መዝጊያ ማግኔት አለው። እስኪ ድስቱ ቂጥ ላይ ያስጠጉት።»

አስጠጉት። አልያዘም። ድስቱን በነጠላቸው ወልውለው ደገሙት። አሁንም አልያዘም።

«ታዲያ ልጄ ጾሟን ትደር?»

«ኧረ እማማ! ሞጆ ይውረዱና ቂጡ ዝርግ የሆነ የብረት ድስት ይግዙ። ማግኔቱ ከያዘው ይሠራል።»

«እሺ፣ ልግዛ። ግን የምድጃው ላዩ ምንድን ነው?»

«መስታወት።»

«መስታወት! ገንፎ እኮ በጉልበት ነው የሚማሰለው። እኔ ድስቱን በሁለት እግሬ ቆንጥጬ ይዤ ነው የማገነፋው። እግሬን የት ላድርገው?»

ሞጆ ስንደርስ እናትየዋ ድስታቸውን እንዳቀፉ ተነሱ።

«ረዳት፣ ሞጆ ወራጅ አለ!»

«ድስቱን ሊገዙ ነው፣ እማማ?»

«ከሰል ልገዛ ነው። ልጄ በረንዳ አላት።»

እኔም ከሞጆ እስከ ቢሾፍቱ መስታወት ላይ የቆሙ ሁለት እግሮች ከዓይኔ አልጠፉም።