ለድመቷ የተሰጠች ግማሽ ክኒን

ልብስ ሰፊው ሽማግሌ ድመታቸውን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከሱቃቸው ሊወጡ ሲሉ፣ የእንስሳት ሐኪም የሆነችው የጎረቤታቸው ልጅ ቀሚስ ልታስጠብብ በሩ ላይ ደረሰች።

«ጋሼ፣ ደህና ዋሉ? ምን ሆነችብዎ?»

«እኔንጃ ልጄ! ጠዋት ስታነክስ አየሁና አንጀቴን በላችው። ለወገቤ ከምውጠው የሕመም ማስታገሻ ግማሽ ክኒን በወተት በጥብጬ አጠጣኋት። ይኸው፣ ፊቷ አበጠ!»

ልጅቱ የድመቷን ከንፈር ገለጥ አደረገች። ድዷ ቡናማ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ክኒኑ መርዟታል!»

ሽማግሌው ክው አሉ። «የፈጣሪ ያለህ! እኔን የሚያሽር መድኃኒት እንዴት እሷን ይገድላል?»

«የእርስዎ ጉበት የሚችለውን የእሷ አይችለውም። ይነሱ፣ እንሂድ!»

ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። ልጅቱ ማርከሻውን በመርፌ ወጋቻትና ቀጥላ ሌላ ብልቃጥ አነሳች።

«ይህስ ምንድን ነው?»

«ቫይታሚን ሲ።»

«ቫይታሚን? የልጆች ከረሜላ አይደለም እንዴ! ነፍሷ ልትወጣ ነው፤ አንቺ ትቀልጃለሽ?»

«ጋሼ፣ አይቆጡ። መቀስዎን ዘይት የሚቀቡት ለምንድን ነው?»

«እንዳይዝግ ነዋ!»

«መርዙም ደሟን እንደ ብረት ያዝገዋል። የዛገ ደም ደግሞ አየር አይሸከምም። ቫይታሚኑ ዝገቱን ለማስለቀቅ ማርከሻውን ያግዛል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።»

«እንግዲያ ሁለተኛ ሲያማት ክኒኑን ከቫይታሚን ጋር ልስጣታ?»

«ዘይት ቀብቻለሁ ብለው መቀስዎን ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል?»

አለማወቅና ፍቅር ሲጋቡ የሚወልዱት ጥፋት፣ ክፋት ከሚወልደው አያንስም። ይህ ገና ወደ ሽማግሌው ልብ ሲገባ ድንገት ብድግ አሉ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ወይ ጉዴ! ድመቱ ለታመመበት ለማዶው ፀጉር አስተካካይም ይህንኑ መክሬዋለሁ!»

መለኪያ ሜትሩ አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መንገዱን በሩጫ አቋረጡ። ፀጉር አስተካካዩ ድመቱን በጉልበቱ መሀል አጣብቆ አፉን ሊፈለቅቅ ይታገላል፤ ክኒኑ በጣቶቹ መሀል ነው።

«ተው! ተው ብዬሃለሁ!»

«እንዴ፣ ጋሼ! ጠዋት እርስዎ አይደሉ እንዴ ያዘዙልኝ?»

«ያ ሐኪም ተሽሯል!» አሉ እያለከለኩ። «የሰው ክኒን ለእንስሳ አይሰጥም! ከታመመ ሐኪም ጋ ውሰደው። ማርከሻም አለ፣ ቫይታሚንም አለ፤ ግን ቀድሞ መጠየቅን የመሰለ የለም። የእኔዋ በእኔ እጅ ልትሞትብኝ ነው!» ፀጉር አስተካካዩ ክኒኑን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለ።

በማግስቱ ክሊኒክ ሲደርሱ የድመቷ ድድ ቀላ ብሏል። ሽማግሌው በደስታ ይዘውት የመጡትን ወተት አቀረቡላት። አሸተተችው፤ ቀና ብላ አየቻቸውና ፊቷን አዞረች። ልጅቱ ያንኑ ወተት ተቀብላ ስታቀርብላት ግን ጥርግ አድርጋ ጠጣች።

«ልክ ነሽ፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው ድመቷን። «እኔም ብሆን አልጠጣም።»