የዝግባዎቹ ሰልፍ

ነቀምቴ ሳስተምር የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ውጭ ያሉት ዕድሜ ጠገብ ዝግባዎች ለመንገድ ማስፊያ ሊቆረጡ ነው ሲባል፣ ተማሪዎቼ ካርቶን ላይ «ዛፎቻችንን አትቁረጡብን» ብለው ጽፈው ወጡ፤ እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ቆረጣውን የፈቀደው ኃላፊ ራሱ መጣ። ይቆጣናል ስንል ሳቀ! «ጎበዞች፣ ልክ ናችሁ» አለ። «ዓለምን ያጋሉት ሀብታሞቹ አገሮች ናቸው። እኛ ምን አጠፋን? እነሱ ይካሱን!» ብሎ እንደ ሰልፈኛ እጁን አነሣ።

ሌንሳ የምትባል ተማሪዬ ብስጭት ብላ፣ «ኦቦ፣ የመጣነው እርስዎን ልንጠይቅ ነው እንጂ እነሱን አይደለም። ዝግባው ያለው እዚህ ነው» አለችው። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንዴት ያለሽ ብልህ ነሽ!» ብሎ አጨበጨበላት። ይባስ ብሎ ካርቶኑን ከእጇ ወሰደና መሃላችን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ምን ይባላል? የተሰለፍንበት ሰውዬ ሰልፋችንን ቀማን! «መጀመሪያ መልስ ይስጡን እንጂ!» ብዬ ጮህኩ። «ባርሲሳ፣ መምህር፣ እኔም እኮ ከእናንተ ጋር ነኝ» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ይህን እያለኝ ከጀርባው ዝግባዎቹን ሊቆርጡ የመጡት ሰዎች የመጋዝ ሞተር ተነሣ፤ ዘወር ብሎ እንኳ አላየም።