በር የሚቆለፍባትስ?

እናንተዬ፣ ሞት ሽታ አለው! እዚህ አማን ከተማ፣ ዳቡቅ ሰፈር ማዳሜ ቤት መታጠቢያ ቤቱን ስፈትግ፣ ይበልጥ ያጸዳልኛል ብዬ በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲዱ ጋር ቀላቀልኩት። ወዲያው ጉሮሮዬን አነቀኝ። ጀበል አል-ሁሴን ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት የጤና ጥያቄ በአማርኛ የሚመልስበት ዋትሳፕ አለውና፣ እያሳልኩ በድምፅ ላኩላቸው። መልሱም በድምፅ ሳይቆይ መጣ፦ «እህቴ፣ እሱ መርዝ ነው! አሁኑኑ ከቤት ውጪ!»

ወደ በሩ ሮጥኩ። ማዳም ስትወጣ ሁሌም ከውጭ ትቆልፍብኛለች፤ በድንጋጤ እሱንም ረስቼው ነበር። የሳሎኑን መስኮት ከፍቼ አፌን በፍርግርጉ ብረት መሃል አስጠጋሁና፣ «እመቤቴ፣ በሰው አገር አታስቀሪኝ» እያልኩ ማዳም እስክትመጣ የውጭውን አየር ስስብ ቆየሁ።

ዓርብ እረፍት ስወጣ መልሱን የላከችልኝን ልጅ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ሄጄ አመሰገንኳት። «ግን እህቴ፣ በር የሚቆለፍባትስ ምን ታድርግ? እሱንም በድምፅ ቅጂልን» አልኳት። ልትቀዳ ስልኳን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከዚያ መልሳ «አንቺ ምን አደረግሽ?» ብላ ወደ እኔ አፍ አዞረችው።